የሰባተኛ ክፍሎች ድልድይ

ቋ!... ቋ!... ቋ!

ድምፁ የተሰማው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ጭጋጉ አልተገለጠም። የእንሰቱ ቅጠል ጠል ያንጠባጥባል። ወንዙም፣ የወንዙም ማዶ አይታይም። ድምፁ ብቻ ከታች፣ ከወንዙ በኩል ይመጣል። ቋ!... ቋ!

አንዲት መምህርት ከተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ቆማ ፊቷን ትታጠብ ነበር። ውሃውን በመዳፏ እንደያዘች ቀረች። መጥረቢያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ በዚህ ጭጋግ፣ ወንዝ ዳር መጥረቢያ ምን ያደርጋል?

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? አንዱ የማገዶ እንጨት እየፈለጠ ነው ብላችሁ ፊታችሁን ታጥባችሁ ትገቡ ነበር። እሷን ግን ልቧ ነገራት። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች፣ በነጠላ ጫማ፣ ቁልቁል ሮጠች።

ለምን ሮጠች? ይህ እንዲገባን ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብን።

ዘነበች ትባላለች። ነገሩ የድሮ ነው። ትምህርት ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ ደወሉ የመኪና ቸርኬ በነበረበት ዘመን። የሬዲዮ ትምህርት ሲጀምር፣ ተማሪው ሁሉ፣ መተንፈሱ የሬዲዮውን ባትሪ የሚጨርስ ይመስል፣ ትንፋሹን በሚይዝበት ዘመን። አቤት ያ ዘመን! ከሆሳዕና ራቅ ወዳለች አንዲት መንደር፣ ከኮሌጅ በወጣች በወሩ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዛ ገባች። ሰባተኛ ክፍልን ሰጧት።

ልጆቹ ጨዋዎች ነበሩ። «ጻፉ» ስትላቸው ይጽፋሉ። «አንብቡ» ስትላቸው ያነባሉ። «ገባችሁ?» ስትላቸው በአንድ ድምፅ «እሺ!» ይላሉ። «ገባችሁ?» ተብሎ «እሺ» ይባላል? እነሱ ይላሉ!

ከሁሉም የባሰችው አየለች ናት። አየለች ከወንዙ ማዶ የምትመጣ፣ ከኋላ ወንበር ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ነች። ከአፏ የሚወጣው ቃል «እሺ» ብቻ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ወንዙ ይሞላና ያ «እሺ»ም ይቀራል፤ ወንበሯ ባዶ ይሆናል።

አንድ ቀን መምህርቷ መጽሐፉን ዘጋች። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ አየለች ዝናብ ሲዘንብ ለምን ትቀራለች?

«ሰነፍ ስለሆነች!» አለ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«አንተ ዝም በል! ወንዙ ስለሚሞላ ነው እንጂ» አለች ሌላዋ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች መምህርቷ።

ልጆቹ መልሱን ፍለጋ ደብተራቸውን ገለጡ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበርና። «ምን እናድርግ?» ተብለው አያውቁም። «እንዲህ አድርጉ» ነው የሚያውቁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ክፍል ሌላ ክፍል ሆነ። ወንዙ ላይ ድልድይ እንሠራለን አሉ። ሒሳቡ ወንዝ ዳር ወረደ፤ ስፋቱን መጀመሪያ በእርምጃ ለኩት፤ የረጅሙ ልጅ እርምጃና የአጭሩ አልስማማ ብሎ ተጣሉ፤ ከዚያ ለመለኪያ የቃጫ ገመድ ገመዱ። ሳይንሱ ወደ ክፍሉ ጓሮ ዞረ፤ ትንሽ ቦይ ቆፍረው በጭቃና በጭራሮ ድልድይ ሠሩ፣ ከላይ በጀሪካን ውሃ ለቀቁበት፣ ድልድዩን ውሃው ይዞት ሄደ። ሳቁ። ደግመው ሠሩ። ደግሞ ሄደ። አሁን አልሳቁም፤ አሰቡ። መምህርቷም ዝም ብላ አልለቀቀቻቸውም። የትኛው ትምህርት የቱ ጋ እንደሚገባ፣ ማን ከማን ጋር ቢሠራ እንደሚበጅ፣ እሷ ራሷ የቱ ጋ አፏን መያዝ እንዳለባት አስቀድማ አስባበታለች። ከሁሉ የከበዳትም ይኸው የመጨረሻው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ድልድዩ የት ይሁን ብለው ሲከራከሩ፣ ብዙዎቹም መንገዱ ጋ ይሁን ሲሉ፣ ከኋላ ወንበር ድምፅ ተሰማ።

«እዚያ አይሆንም።»

ሁሉም ዞረ። አየለች ናት!

«ሾላው ሥር ነው የሚሆነው። መንገዱ ላይ ውሃው ይቆጣል። ሾላው ሥር ግን ዳርና ዳሩ ድንጋይ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

አይሆንም! ወገኖቼ፣ ከዚያች ልጅ አፍ «አይሆንም» ሲወጣ እንዴት ጣፈጠ መሰላችሁ! መምህርቷ እንባዋ እንዳይታይ ወደ ሰሌዳው ዞረች። የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ባዶውን ሰሌዳ ጠረገች።

አሁን ስሕተቱ መጣ። ይህን ዓይነት ሥራ ኮሌጅ ያስተማሯት በአንድ ስም ነው፤ «ፕሮጀክት» ይሉታል። እሷም ለልጆቹ በዚያው ስም ነገረቻቸው። ልጆቹ ደግሞ እቤታቸው ገብተው «ፕሮጀክት ጀመርን!» አሉ።

በዚያ አገር ፕሮጀክት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፕሮጀክት ነጭ መኪና ነው። ፕሮጀክት ስንዴ ነው፣ ዘይት ነው። በነጋታው ወላጅ ሁሉ ጆንያውንና ጀሪካኑን ይዞ ግቢውን ሞላው።

«የት ጋ ነው የምንመዘገበው?» አለ ሀንዲሶ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ገበሬ።

«ለምኑ?» አለች ዘነበች ግራ ገብቷት።

«ለፕሮጀክቱ ነዋ! ለኔ የቤተሰቤ ብዛት ይታይልኝ።»

«ፕሮጀክቱ... ፕሮጀክቱ እኮ ልጆቻችሁ ናቸው» አለች።

ሀንዲሶ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ፕሮጀክቱ እቤታችን ነው ያለው። ያውም እኛኑ ነው የሚበላው!»

ተሳቀ። ግን ሳቁ የሐፍረት ሳቅ ነበር። ጆንያቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሄዱ። የአየለች አባት፣ ጋሽ ላምቤቦ፣ ከሁሉም ኋላ ቀርተው ነበር።

«ታዲያ ከኛ ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?» አሏት።

«የባሕር ዛፍ ግንድ ብቻ ጋሼ። ቆርጣችሁ ወንዝ ዳር አድርሱልን። ሌላውን ልጆቹ ይሠሩታል። ቅዳሜ ይጀምራሉ።»

«እሱ ቀላል ነው» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

እንግዲህ ያቺ ቅዳሜ ናት። ዘነበች ወንዙ ዳር ስትደርስ ጭጋጉ ተገለጠ። ምን አየች? ሾላው ሥር፣ አየለች ባለችው ቦታ፣ ግንዶቹ ከዳር ዳር ተጋድመዋል። አባቶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። መርገጫው እንጨት ከወዲህ በኩል ተረብርቦ እስከ መሐል ደርሷል። ጋሽ ላምቤቦ ቀሪውን እየጠረቡ ነው።

«ነይ ልጄ፣ ነይ!» አሉ ሲያዩዋት፣ ፊታቸው በርቶ። «ፕሮጀክትሽ መጣልሽ!»

«ጋሼ... ይህ የልጆቹ ሥራ ነበር እኮ» አለች፤ ሩጫው እያስለከለካት።

«ያን ቀን ጆንያ ይዘን አሳፈርንሽ። ዛሬ ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ደግሞስ እኛ እያለን ልጅ ግንድ ይጎትት? ሰው ምን ይለናል?»

«የሳቸውን ጆንያ ብታዪ ኖሮ» አለ ሀንዲሶ ከውሃው ውስጥ፣ «የሁለት ሰው ነበር!»

«ዝም በል አንተ!» አሉ ጋሽ ላምቤቦ እየሳቁ። መጥረቢያቸውን መልሰው አነሱ።

ምን ትበል? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ምን ትበል? በክፋት የመጣን ሰው መመለስ ቀላል ነው። በፍቅር የመጣን ሰው በምን አፍ ትመልሰዋለህ? ዘነበች ቆመች። ሊሰነብት የነበረው የልጆቹ ደስታ በአባቶቻቸው ፍቅር በአንድ ጠዋት ሲያልቅ እያየች ቆመች።

ወዲያው ልጆቹ መጡ። ገመዳቸውን፣ ካስማቸውን፣ ዶማቸውን ተሸክመው፣ እየተጯጯሁ ቁልቁል ወረዱ። አዩና ካሉበት ቆሙ። አንድም ልጅ አላጨበጨበም።

አየለች ወደ አባቷ ቀረበች።

«አባዬ፣ እኛስ?»

«እናንተማ ትሻገሩበታላችኋ!»

አየለች ድልድዩን አየች። የያዘችውን የቃጫ ገመድ አየች።

«እሺ» አለች።

ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተራ በተራ አጠገቧ ተቀመጡ።

ጋሽ ላምቤቦ መጥረቢያቸውን አንስተው ነበር። አላሳረፉትም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ላቁማቸውና ወደ እናንተ ልምጣ።

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት «ፕሮጀክት ታዘዝን» ብሎ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ካርቶን ትገዛላችሁ። ራሳችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ራሳችሁ ታጣብቃላችሁ። ካልሆነላችሁ ኮምፒውተር ቤት ትልካላችሁ። ልጁ ምን ይሠራል? ተሸክሞ ይሄዳል። አሥር ከአሥር! የማን ነው አሥሩ? እናንተ እኮ ሰባተኛ ክፍልን ድሮ ጨርሳችኋል!

ዘነበች ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከተማ ነው የምታስተምረው። ልጆቹ የሚያመጡላት ሥራ ያምራል። ቀለሙ ያምራል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ የእናት እጅ ያረፈበት መሆኑን ከሩቅ ታውቃለች። አንዱን «ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ብላ ስትጠይቀው ጣራ ጣራ ያያል። ያን ጊዜ ያ ወንዝ ይመጣባታል። ያ ጭቃ ይናፍቃታል። በእርምጃ የተነሳው ጠብ፣ ውሃ የወሰደው ጭራሮ፣ ከኋላ ወንበር የመጣው «አይሆንም» ይናፍቃታል። እናንተስ? በልጅነታችሁ በገዛ እጃችሁ የሠራችሁት አንድ የተጣመመ ነገር የለም? የሽቦ መኪና፣ የጨርቅ ኳስ፣ የጭቃ ቤት? ከተገዛላችሁ ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ የምታስታውሱት እሱን አይደለም?

እግዚአብሔርን ደግሞ ምን እንላለን? «ጌታ ሆይ፣ ጨርስልኝ» እንላለን። ትዳሬን ጨርስልኝ። ከወንድሜ ጋር አስታርቀኝ፣ ግን እኔ ደጁ አልሄድም፣ አንተው ጨርሰው። ዝም ሲለን እናለቅሳለን። ተወኝ እንላለን። ረሳኝ እንላለን። ማን ነው ግንዱን ያመጣው? ማን ነው ወንዝ ዳር ድረስ ያደረሰልን? ጉልበቱ የማን ነው? ቀኑ የማን ነው? ይህን ሁሉ አድርሶ ቀሪውን በእጃችን ቢተው፣ ጠልቶን ነው? ወይስ ለዘላለም «እሺ» ብለን ድንጋይ ላይ እንድንቀመጥ ስላልፈለገ ነው?

እናንት አባቶች፣ እናንት እናቶች፣ እናንተም አስተማሪዎች! ለምትወዱት ሰው ሁሉን ሠርታችሁ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር አለ። ይከብዳል። እጅን ያሳክካል። ዛሬ እቤታችሁ ስትገቡ ግን ሞክሩት።

እንግዲህ ወደ ወንዙ እንመለስ። ጋሽ ላምቤቦ መጥረቢያቸውን እንዳነሱ ነው የተውናቸው።

ልጃቸውን አዩ። ያንን «እሺ» ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቁታል፤ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ መጥረቢያውን ቀስ አድርገው ግንዱ ላይ አጋደሙት። እጃቸውን በውሃው ታጠቡ። ቅርንጫፍ ላይ የሰቀሉትን ኮታቸውን አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ዳገቱን ተያያዙት።

«ጋሽ ላምቤቦ!» ብሎ ጮኸ ሀንዲሶ ውሃው ውስጥ እንደቆመ። «ኧረ ወዴት ነው? ግማሹ ቀርቷል እኮ!»

ዞር ብለው እንኳ አላዩም።