የቄስ ኢተፋ የትሕትና መጽሐፍ

ቄስ ኢተፋ በወለጋ የአንዲት የሉተራን ማኅበረ ምእመናን መጋቢና አስተማሪ ነበሩ። መጽሐፍም ይጽፋሉ። የመጨረሻው «ትሕትና» ይባላል፤ ሽፋኑን ከዳር እስከ ዳር የያዘው የራሳቸው ፎቶ ሲሆን፣ ርእሱ ከአገጫቸው ሥር በተረፈችው ቦታ ተሸጉጧል።

በዚያው ሰፈር አንድ ምላሰኛ ጣውላ ሰንጣቂ ነበር። «ቄስ ስብከት ሲጀምሩ የዘራሁት በቆሎ አሜን ሲሉ ለእሸት ደረሰ» ማለቱ ጆሯቸው ገባ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸውና፣ ቂም ያዙበት።

የጌታን እራት ለመጀመሪያ ጊዜ መካፈል የሚፈልግ አማኝ በጉባኤው ፊት ቆሞ የመጋቢውን ጥያቄ መመለስ አለበት። ካልመለሰ እስከሚመጣው ፋሲካ ቁጭ ብሎ የሌላውን መቁረብ ማየት ነው። ጣውላ ሰንጣቂው ገና አልቆረበም፤ ሚስቱ ቀድማው ስለቆረበች ከጎኗ ለመቆም እጅግ ጓጉቷል። ተራው ሲደርስ ቄሱ የተማረውን ትተው፣

«ከዚህ ሁሉ ምእመን እጅግ ትሑቱ ማን ነው?» አሉት።

«እኔ» ቢል ትዕቢተኛ ሊባል ነው። ሌላ ሰው ቢጠራ መጋቢውን ደፈረ። «እርስዎ» ቢል ደግሞ ያን ምላሱን በሕዝብ ፊት ዋጠው ማለት ነው።

«አላውቀውም ቄስ» አለ።

«ይህን ያህል ዘመን አብረኸን ተቀምጠህ እንዴት አታውቀውም?»

«ምን ላድርግ ቄስ፣ ፎቶውን መጽሐፍ ላይ አላወጣውማ።»

ሽማግሌዎቹ የሚጸልዩ መስለው አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ቄስ ኢተፋም ወደ ጌታ እራት አሳለፉት። ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቁበት አንጀት አልነበራቸውም።