ዶሮ የታቀፈችበት ምድጃ

ምእመናን፣ አንዲት እናት ነበሩ። ገበያ ዳር ባቄላና ስንዴ ቀቅለው ንፍሮ ይሸጣሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጉልቻ ላይ ጎንበስ ብለው ጭስ ሲጠጡ ኖረዋል። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። ጤና ጣቢያ ሄደው ቢታዩ፣ «ከጭሱ ካልራቁ የቀረውንም ያጡታል» ተባሉ።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ሰፈሩ መጡ። ትምህርታቸው ማገዶ ስለ መቆጠብ፣ ደን ስለ መጠበቅ ነው፤ መምህራቸው «ከክፍል ውጡና ከሰው ጋር ሥሩ» ብሏቸዋል። ጎበዞች ናቸው፣ አትሳቁባቸው። ጭቃ አቡክተው በሁለት ቀን ለእናትየዋ ጭስ አልባ ምድጃ ሠሩላቸው። እኚህ እናት መረቁ፣ ተማሪዎቹ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ።

ከወር በኋላ መምህሩ ውጤት ሊሰጣቸው አብሯቸው መጣ። ምድጃውን ቢያዩት፣ ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች። ጉልቻው እዚያው ጎኑ ይጨሳል።

አንዱ ተማሪ፣ «ሰው ለውጥ አይወድም» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ስንቶቻችን እንዲህ ብለን ጽፈናል? ናርዶስ የምትባል ተማሪ ግን ከእናትየዋ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ምድጃው ምን ጎደለው?»

«ኧረ ምንም አልጎደለው። እጃችሁ ይባረክ።»

«ታዲያ ለምን አልቀቀሉበትም?»

«እቀቅልበታለሁ ልጄ፣ ምን ቸገረኝ።»

ልጅቷ አልተነሣችም። ባቄላውን አብራቸው ትለቅም ጀመር። ጭሱ እሷንም አስለቀሳት። ቆይታ፣ «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አልቀየምም» አለች።

ያን ጊዜ ወደ ድስታቸው ጠቆሙ። ሁለት ሰው የሚያነሣው ድስት ነው።

«ይሄ የት ይገባል ልጄ? የሠራችሁት ለቤት ወጥ ነው እንጂ ለንፍሮ አይደለም።»

«ምነው ያኔ ዝም አሉን?»

«የሰው ልጅ ለእኔ ብሎ ጭቃ ሲያቦካ ውሎ፣ እንዴት ጠበበኝ እላለሁ? ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?»

በማግስቱ ተማሪዎቹ ድስቱን ለክተው ሌላ ምድጃ ሠሩ። ዶሮዋን አላስነሷትም። ጭሱ ቀረ። ያ የባከነው ወር ግን የቀረችውን ዓይናቸውን ብርሃን ወስዶ ነበር፤ ዛሬ ባቄላውን ከጠጠር የሚለዩት በእጃቸው እየዳሰሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ተማሪዎቹ ክፉ ነበሩ? አልነበሩም። ሰነፍ ነበሩ? ሁለት ቀን ጭቃ ያቦካ ሰነፍ አይባልም። ብቻ አልጠየቁም። እናንተስ? ለታመመው የምትወስዱትን፣ ለባልቴቷ የምትሰጡትን ማንን ጠይቃችሁ መረጣችሁት?

እኔም ከእናንተ አልሻልም። ለእናቴ በየፋሲካው ጋቢ እገዛላት ነበር። ካረፈች በኋላ ሳጥኗ ሲከፈት ሰባት ጋቢ ወጣ፤ አንዱም አልተለበሰም። ጣሪያዋ ያፈስባት እንደነበር የሰማሁት ለቅሶ ላይ፣ ከጎረቤት ነው። አፈርኩ። አሁንም ስነግራችሁ አፍራለሁ።

እናታችሁ በሕይወት ያለች፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ «ምን ጎደለሽ?» በሏት። «ምንም» ትላችኋለች። ይሉኝታ ነው፣ አትመኗት። ቁጭ በሉና ደግማችሁ ጠይቋት።