የተፋቀው ዛፍ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልዘለልኩትም፣ መኩሪያው፤ «አባቴ የዘመቱበትን ታሪክ ጻፍልኝ ካሉኝ በኋላ ጦራቸው ያቃጠለውን መንደር ግን ተወው አሉኝ፤ ልተወው ወይ?» ነው ያልከኝ። ሰውየውን ያመጣሁት ለዚሁ ነው።

በድሮ ዘመን ከባሕር ማዶ የሚኖር የሥዕል አታሚ ነበር። ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ በሹል ብረት ይጭረዋል፤ ቀለም ይቀባዋል፤ ላዩን ይወለውለዋል፤ ጭረቱ ውስጥ የቀረው ቀለም ወረቀት ላይ ይታተማል።

አንድ የጦር አለቃ «ድሌን ሣልልኝ» አለው። አለቃው አታሚውን በልጅነቱ ከረሃብ አውጥቶ ያሳደገው ሰው ነው፤ እንደ አባቱ ይወደዋል። አታሚውም አብሮ ዘምቶ ነበርና ያየውን ሣለ፦ አለቃውን በፈረሱ ላይ፣ ሰንደቁን፣ ዳር ላይም ሦስት ገበሬዎች የተሰቀሉበትን ዛፍ።

አለቃው ዛፉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ምን ይሉኛል? ፋቀው።»

ስለሚወደው ፋቀው። ነገር ግን መዳብ ሲፋቅ ይጎደጉዳል፤ ጉድጓድም ቀለም ይይዛል። ዛፉ በነበረበት ቦታ ከፈረሱ የሚበልጥ ጥቁር እድፍ ታተመ። ጉድጓዱን ለማቅናት ሰሌዳውን ከጀርባው በመዶሻ ቢመታው ደግሞ የአለቃው አፍንጫ ተጣመመ።

ሥዕሉ እንዲሁ ገበያ ወጣ።

«እዚህ ጋ የተደበቀው ምንድን ነው?» አለ አንዱ።

«የፈጃቸው ሰዎች ናቸዋ! ሃምሳ ይሆናሉ።»

«ኧረ መቶ!» አለች ሽንኩርት ሻጯ።

አለቃው በዚያ ሲያልፍ ሰማ። ቀጥ ብሎ ወደ አታሚው ቤት ሄዶ ከሰሌዳው አጠገብ ተቀመጠ።

«መቶ ናቸው አሉ» አለ።

«ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«ሦስት ነበሩ።»

«አዎ፣ ሦስት ነበሩ።»

አለቃው የተፋቀውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። «መልሰህ ሣላቸው። እኔንም ከፈረሱ አውርደህ ከዛፉ ሥር አቁመኝ። የቆምኩት እዚያ ነበር።»

አታሚው አዲስ መዳብ አወጣ፤ የታዘዘውን ሁሉ ሣለ። አፍንጫውን ግን ፈጣሪ ከሰጠው ትንሽ አሳምሮ ሣለለት።

እንግዲህ መኩሪያው፣ አለቃው አባትህ ናቸው፤ መዳቡም ደብተርህ ነው። መንደሩን ብትፍቀው፣ የተፋቀውን ቦታ ያየ ሁሉ በግምቱ ሰባት መንደር ያቃጥልባቸዋል። አንዱን መንደር ጻፈውና ከማንም በፊት ለእሳቸው አንብብላቸው። ስታነብ ፊት ለፊታቸው አትቁም፤ አጠገባቸው ተቀመጥ። አፍንጫቸውን እንደሆነ የፈለግኸውን ያህል አሳምረው።