የመጋዙ ሌላኛው ጫፍ

ተረት ተረት!

የመሰረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እንቅልፍ የመጣበት ሄዶ ይተኛ፤ የቀራችሁ ስሙኝ።

በድሮ ጊዜ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ከባሏ ከጎሹ ጋር ግንድ እየሰነጠቁ ሳንቃ ያወጡ ነበር። መጋዛቸው ረጅም ነው፤ በሁለቱም ጫፍ እጀታ አለው። ግንዱን ጉድጓድ ላይ ያጋድሙና እሷ ከላይ ትቆማለች፣ እሱ ከታች ይገባል። እሷ «ሳብ!» ስትል እሱ «ለቀቅ!» ይላል። እንዲህ እያሉ ግንዱን በቁመቱ ይሰነጥቁታል።

አንድ ቀን የጭራቅ ዝግባ ቆረጡ። የማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ጥፋታቸው ይህቺ ናት። ጭራቁ ተቆጣና ጎሹን እዚያው ግንድ ውስጥ ከተተው። ግንዱ ሲደርቅ እሱም እንጨት ሆኖ ይቀራል አለ።

አይ ይርገዱ! ሲመሽ ሲመሽ ባዶውን እጀታ እየዳበሰች «ሳብ» ትላለች። መልስ የለም። ናፍቆት አንጀቷን በላው።

ግንዱን በመጥረቢያ መታችው፤ የተቆረጠው መልሶ ገጠመ። በገጀራ መታችው፤ ገጠመ። በመጋዙ በአግድም ቆረጠችው፤ አሁንም ገጠመ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይሄኔ ግንደ ቆርቁር የምትባለው ወፍ መጣችና ግንዱን ኳ ኳ አድርጋ አዳመጠች።

«ባልሽ በሕይወት አለ። በቁመቱ ሂጂበት» አለቻት።

እንጨት ሰንጣቂ ሆና ይህን መርሳቷ! ናፍቆት እንዲህ ነው፤ የሚያውቁትን ያስረሳል።

ጭራቁ ይህን ሰምቶ እየሳቀ መጣ። «ሰንጥቀሽ ከከፈትሽው ባልሽን ውሰጂ። ከውጭ ሰው ከጠራሽ ግን አንቺንም እከትሻለሁ» አላት። ይርገዱ ትንሽ አሰበችና ከውጭ ማንንም አልጠራም ብላ ማለች።

ግንዱ ላይ ወጣች። መጋዙ ለአንድ ሰው ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ሳበች፤ ጥቂት ገባ። ደግማ ሳበች፤ መዳፏ ተላጠ። በሦስተኛው ክንዷ ዛለ። ቢሆንም እንደ ድሮው «ሳብ!» አለች።

መጋዙ በከፈተው ስንጥቅ በኩል ከግንዱ ሆድ «ለቀቅ!» የሚል ድምፅ መጣ።

መጋዙ ቀለላት። ጎሹ ከውስጥ ይዞላታል! እያለቀሰች ሳበች፣ እየሳቀች ለቀቀች። ግንዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፈተና ጎሹ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኖ ወጣ።

ጭራቁ አታለልሽኝ ብሎ ጮኸ።

«ከውጭ ማንን ጠራሁ? የያዘልኝ አንተ ራስህ የከተትከው ነው» አለችው።

ጭራቁ በንዴት እንደ ግንዱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

አያችሁ ልጆቼ፣ የሚወዱትን ሰው መልስ አልሰጠም ብሎ መጥራት መተው አይገባም። ይርገዱ ብትተው ኖሮ ጎሹ ዛሬ እንጨት ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ ለጉሮሮዬ ውሃ አድርሱ።