የጉልበት ቅርጫ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቅርጫ አካፋይ። በሬ ሲታረድ የሚጠራው እሱ ነው። ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም ለእያንዳንዱ መደብ ጥቂት ጥቂት ያደርሳል። ዕጣ ወጥቶ ሰው ድርሻውን ሲያነሣ፣ የጎረቤቱን መደብ አይቶ የሚቀና አይገኝም። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም፣ ትርንጎ ልጄ። ነገ በዚያ በጠፈር መሥሪያ ቤታችሁ ሸንጎ ፊት ትቀመጫለሽ። አንዱ ዝናቡንና አዝመራውን ከላይ ሆና የምታይ ሳተላይት ይላል። አንዱ በተራራ ላይ ኮከብ የሚያይ ትልቅ መነጽር ይላል። አንዱ ደግሞ ፀሐይን ላጥና፣ ሰውም ላስተምር ይላል። የመንግሥት ገንዘብ ለሁሉ አይበቃም፤ የምትደለድዪው ደግሞ አንቺ ነሽ። «ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ባደርስና ሁሉም ዝም ቢልልኝስ፣ አባዬ?» አልሽኝ። መልሴ ይህ ሰውዬ ነው። ስሚኝ።

አገሩ ቆላ ነው፤ ማሽላ ያበቅላል። በዚያ አገር አረም ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጉልበተኛ ለጋራ ሥራ ያወጣል። ጊዜው አጭር ነው። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ሁሉም ወደየእርሻው ይመለሳል። የድሮው አዛዥ ሞተና ሕዝቡ መከረ። «ሥጋ ሲያካፍል ማንንም ያላስከፋ፣ ጉልበት ሲያካፍል ማንን ያስከፋል?» አሉና ሰውዬውን ሾሙት።

ገና እንደተሾመ መጡበት። ከዳገቱ ሥር የሚያርሱት፣ ከገደሉ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ወንዙ የሚወስድ ቦይ ይቆፈር አሉ። የገዛ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ፣ እርሻዬ የግሪሳ ማረፊያ ሆኗል፣ ወፉ ከሩቅ የሚታይበት ረጅም ማማ ይሠራ አለ። ከወንዙ ዳር ያሉት፣ ከርከሮ ጨረሰን፣ አጥር ይታጠር አሉ። የዋሸ የለም። ሁሉም እውነት አላቸው።

ሰውዬው አሰበ። ቦዩን ቢያስቀድም ወንድሙ ይቀየመዋል። ማማውን ቢያስቀድም ለወንድሙ አደላ ይባላል። ስለዚህ እንደለመደው አደረገ። ጉልበተኛውን በሦስቱ ቦታ እኩል መደበው። ሕዝቡ መረቀው። ያን ቀን በመንደሩ ያኮረፈ ሰው አልነበረም።

ጊዜው አለቀ። ማማው ቆመ፤ ከማሽላው አናት ግን ከፍ አላለም። የወጣበት ሰው የሚያየው ማሽላ ብቻ ነው። አጥሩ ዞሮ ዞሮ ሳይገጥም ቀረ። ከርከሮ ደግሞ በር አይጠፋውም። ቦዩ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ፣ ዳገቱን ይዞ መጣና፣ ባል ከሞተባት ከአንዲት ሴት እርሻ ራስጌ ላይ ቆመ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በገደሉ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሰውዬው በወንድሙ ማማ ሥር ከሰዎች ጋር ቆሞ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላዋን በወገቧ አስራ እየሮጠች ደረሰች።

«አንተ ሰውዬ! ድሮ ጎርፉ እየተበተነ ነበር የሚወርድ። እንደ ጎረቤቴ ያህል ይደርሰኝ ነበር። አሁን ሰብስባችሁ፣ መንገድ ጠርጋችሁ፣ ሁሉንም እኔ እርሻ አደረሳችሁልኝ!»

«ድርሻው እኮ እኩል ነበር፣ እመት» አላት።

«ቅርጫ መሰለህ? ሥጋ ቢቆረስ ሥጋ ነው። ቦይ ቢቆረስ ምንድን ነው? ንገረኛ!»

ነጎድጓዱ ቀረበ።

«ሰው ሁሉ ወደ ቦዩ!» ብሎ ጮኸ። የተነቃነቀ የለም።

«የእኛ ድርሻ አጥር ነው። አንተው ነህ የመደብከን» አሉ የወንዝ ዳሮቹ።

ወንድሙም የማማውን ምሰሶ ተደግፎ፣ «የሰጡትን መልሶ መቀማት ከየት የመጣ ዳኝነት ነው፣ ወንድምዓለም?» አለው። ሰዎቹ ሳቁ።

ደመናው ገደሉን ሸፈነው። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። የልጆቿ የዓመት ቀለብ እዚያ እርሻ ላይ ቆሟል።

ሰውዬው ማጭዱን አወጣና የማማውን ማሰሪያ ልጥ ይበጥስ ጀመር። ወንድሙ ክንዱን ያዘው።

«አበድክ? ግሪሳው ነገ ቢመጣስ?»

«ይበላዋል» አለ ሰውዬው። «ማሽላህን ይበላዋል፣ ያስበላሁህም እኔ ነኝ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ፈራሁህ። ልቀቀኝ።»

ወንድሙ ለቀቀው። ማማው ተንጋዶ ወደቀ።

ሰውዬው ምሰሶውን በትከሻው ተሸክሞ ሮጠ። ሴትዮዋ ሌላውን እንጨት እየጎተተች ተከተለችው። ከወንዝ ዳሮቹ አንዱ እየተሳደበ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተነሡ። ቦዩን ወንዝ ለማድረስ ጊዜ የለም። ከሴትዮዋ እርሻ ጎን ያለው እርሻ የሰውዬው የራሱ ነበር። እንጨቱን በእሷ እርሻ ራስጌ፣ ቦዩ የቆመበት ላይ አጋደሙ፤ ድንጋይና አፈር ጫኑበት። በራሱ እርሻ በኩል ያለውን የቦዩን ከንፈር ሰውዬው በዶማ ሰበረው። ውሃው ወዲያው መጣ። እንጨቱን ገፋው፣ አንቀጠቀጠው፤ ከዚያ ዞረ። የሰውዬውን ማሽላ ከሥሩ እየነቀለ ወደ ወንዙ ይዞት ወረደ።

ግሪሳውም ቆይቶ መጣ፤ አልቀረም። የወንድሙን ማሽላ አገዳ ብቻ አስቀረለት። ወንድማማቾቹ ያን ዓመት ሰላም አልተባባሉም።

በተከታዩ ዓመት ሕዝቡ ሲሰበሰብ ሰውዬው ተነሥቶ ቆመ። «ቦዩ ወንዝ እስኪገባ ሌላ ሥራ የለም» አለ። «ቀጥሎ ማማ ነው። አጥር ዘንድሮ አይደርስም። የሚሰድበኝ ይስደበኝ።» ሰደቡት። ወንድሙ ከሁሉ አብልጦ ሰደበው። ሰድቦ ሲጨርስ፣ «ማማው በየትኛው ቀን ይጀመራል?» አለው። «ቦዩ ባለቀ ማግስት።» ወንድሙ ዶማውን አነሣና ከሁሉ ቀድሞ ወደ ዳገቱ ወጣ። ቦዩ በፈጠነ ቁጥር ማማው ይቀርብለታላ።

እንግዲህ ያ ሰው አንቺ ነሽ፣ ትርንጎ። የትኛው እንደሚቀድም እኔ አላውቅም። እሱን አንቺ ተምረሽዋል። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ግማሽ ሳተላይት ደመና አያይም። ሳተላይት አለች ተብሎ ተነግሮት፣ ዝናብ ትነግረኛለች ብሎ ዘሩን ይዞ የሚጠብቅ ገበሬ ግን ይኖራል። ጎርፉ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ያ ሰውዬ ሲጨንቀው የሚሰብረው የራሱ እርሻ ነበረው። አንቺ በዚያ ሸንጎ የራስሽ እርሻ የለሽም፤ የምትሰብሪው የሰው ነው።

ስለዚህ ነገ ዝም የሚልልሽ ሰው አትፈልጊ። አንዱን እስኪያልቅ ስጪው። የከለከልሽውን ዓይኑን እያየሽ ከልክዪው፤ ተራው መቼ እንደሆነም ንገሪው። ይቀየምሻል። ይቀየም። የሚቀየምሽን ሰው አንቺ ካልመረጥሽ፣ የማታውቂው ሰው ይመረጥልሻል።