የጎደሉት አሥራ አንድ ቀናት

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
«ላሞቹስ ገብተዋል?»
«ገብተዋል!»

እንግዲያ አትቁነጥነጡ። ጆሯችሁን ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ በወሎ አገር፣ እስላምና ክርስቲያን ጎን ለጎን በሚኖሩበት መንደር ዘሐራ የምትባል እናት ነበረች። ሙሄና እንድሪስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ነበሯት። ሙሄ ከክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ከአስረስ ጋር በመስኖ ውኃ ተጣላና በዱላ ተማቱ። ሙሄ ሞተ። ውኃው እንደሆነ ወርዶ ሄደ፤ ምን ያደርጋል!

ሼህ ይማምና ቄስ ደባሱ ያሉባቸው ሽማግሌዎች ተቀመጡና ፈረዱ። አስረስ አንድ ዓመት ከአገር ይውጣ። ዓመቱ በሞላ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ይታረቅ። ከቀረ ግን እንድሪስ የወንድሙን ደም ይመልስ። ሁሉም ይሁን አሉ። ከዚያም አስረስ ወጣ።

እንድሪስ አዲስ ጨረቃ በታየች ቁጥር የቤቱ ምሰሶ ላይ አንድ መስመር ይጭር ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ ጨረቃ አለቀችና ጦሩን አነሳ።

እንድሪስ፦ ዓመቱ ሞላ፤ አልመጣም። ፈልጌ አገኘዋለሁ!

ሼህ ይማም፦ ልጁ እውነቱን ነው። በጨረቃ ሞልቷል።

ቄስ ደባሱ፦ ኧረ ተዉ! ጳጉሜ አልፋ እስኪሞላ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀራል። አስረስ የሚቆጥረው እንደኛ ነው።

ተከራከሩ። ለካ ሲፈርዱ «በማን ቆጠራ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጉድ እኮ ነው! ከአንድ ምንጭ እየቀዱ፣ ሰርግና ለቅሶ አብረው እየዋሉ፣ ዓመታቸው እኩል አለመሆኑን ረሱት። እንድሪስ ከደጅ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ደጅ ይላል። መቀመጫ አጣ።

ዘሐራ ተነሳችና፦ በሼሁ ሞልቷል። በቄሱ አልሞላም። በእኔስ? ሙሄ ከወደቀ ወዲህ አንድም ቀን አላለፈልኝ። ልጄ፣ አሥራ አንዱን ቀን ለእኔ ስጠኝ፤ አለች።

እንድሪስ፦ ባይመጣስ?

ዘሐራ፦ ያኔ አልይዝህም።

እንድሪስ እሺ አለ። ዘሐራም በየማለዳው ዳገቱ ላይ ትወጣና መንገድ መንገዱን ታያለች። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። ቢመጣ የልጇን ገዳይ ዓይን ልታይ ነው። ባይመጣ ደግሞ የቀራት አንድ ልጅ ደም ሊመልስ ሄዶ ነፍሰ ገዳይ ሊሆን ነው። ይምጣ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ባላየሁት ትላለች። እናት ናትና አትፍረዱባት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስረስ ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞ ብቅ አለ። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። እንድሪስ ሮጠና ጦሩን ሰበቀ።

እንድሪስ፦ በጨረቃ ቀንህ አልፏል!

አስረስ፦ ኧረ በእግዜር! አንድ በአንድ ስቆጥር ከርሜ፣ ዛሬ ነው የሞላው!

ዘሐራ በመካከላቸው ገባች። ድንጋዩን ያዘችለት።

ዘሐራ፦ አውርደው ልጄ። ይበቃሃል።

ልጄ አለችው፤ የገዛ ልጇን የገደለውን! ይሄኔ እንድሪስ ጦሩን መሬት ጣለ፤ ታረቁም።

ዓመት ሙሉ ያልተኛችው ዘሐራ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት። ጎህ ቀደደ፣ የሶላት ሰዓት አለፈ፣ ረፈደ። ጎረቤቶቿም ሼህ ይማምን «እንቀስቅሳት ወይ?» ብለው ጠየቋቸው።

ሼህ ይማም፦ ተዉአት። ከእንግዲህ ቀኑን እኛ እንቆጥርላታለን።

ተረቴን መልሱልኝ፣ ለአፌም ትኩስ ቂጣ ቁረሱልኝ።