«ሶከር» በሉ

አቶ ወንድይራድ የሚባሉ ርዕሰ መምህር ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ ደርሰው ከመጡ ወዲህ፣ እግር ኳስን «ኳስ» ብሎ የሚጠራ ተማሪ ሲሰሙ ያማቸዋል። «ሶከር በሉ! የሠለጠነ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» ይላሉ።

አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሴቶቹ «ኳስ አቀብዪኝ!» እየተባባሉ ሲጫወቱ ደረሱና ኳሱን ነጠቋቸው።

«ስሙን እንኳ የማታውቁት ጨዋታ ምን ያስተምራችኋል? የተማራችሁትን አንድ ነገር ንገሩኝ፤ አለዚያ ይሄ ቢሮዬ ተቆልፎበት ይቀራል!» አሉና ኳሱን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

ሁሉም አቀረቀሩ። በረኛዋ ግን ወደ ፊት ወጣች።

«ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ጨዋታው ያልሆነለት ልጅ ኳሱን አቅፎ ቤቱ ይገባል» አለች ቀስ ብላ። «እኛም እንደዚያ ዓይነት ሰው ፊት ሳንስቅ መቆምን ተምረንበታል።»

አቶ ወንድይራድ ይዘውት እንዳይሄዱ አፈሩ፤ ትተውት እንዳይሄዱ ከበዳቸው። በመጨረሻ ክንዳቸው ላላና ኳሱ ወደ ሴቶቹ ተንከባለለ።